መውጣቷስ ትውጣ፤ ማን ያወርዳታል?

ሮኬት ለመሥራት ላሰባችሁ የደባርቅና የዳባት ወጣቶች (ሌላውም ቢያነብ አይከፋም)

ሮኬት? እሱም ደባርቅ ላይ? «ኧረ ተዉ እባካችሁ፣ መጀመሪያ መብራቱ ሳይጠፋ ይደር» የሚል አይጠፋም። ይበል፣ መብቱ ነው። እኛ ግን ዛሬ የምናወራው ጨረቃ ላይ ስለ መውጣት አይደለም። አንድ የትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ፣ አሥር አሥራ አምስት ወጣቶችንና አንድ ትዕግሥት ያለው የፊዚክስ መምህር ይዞ ሊሠራው ስለሚችለው ነገር ነው።

በውጭው ዓለም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቁመቷ ከሰው የሚበልጥ ሮኬት በገዛ እጃቸው ይሠራሉ። ሦስት ኪሎ ሜትር ሽቅብ ይሰዷታል፣ በፓራሹት ያወርዷታል፣ አቧራዋን አራግፈውም ለሌላ ቀን ያዘጋጇታል። ቪዲዮውን ስልካችሁ ላይ ያያችሁ ብዙ ናችሁ። አይታችሁም «እኛስ ምን ጎደለን?» ብላችኋል። ጥያቄው ደግ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን «ባሩድ ከየት ይገኛል?» ከሚለው አይጀምርም። ከዚያ የጀመረ ሰው ጣቱን፣ ዓይኑን፣ አንዳንዴም ጓደኛውን አጥቶ ይጨርሳል።

ታዲያ ከየት ይጀመራል? እንጨዋወት።

የጫማ ነጋዴው መላ

ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክ የተባለችውን የመጀመሪያዋን ሰው ሠራሽ ሳተላይት በጥቅምት 1957 እ.ኤ.አ. ስታመጥቅ፣ የአሜሪካ ወጣት በሮኬት አበደ። በየጓሮውና በየምድር ቤቱ የብረት ቱቦ እየተቆረጠ፣ የማይታወቅ ዱቄት እየተቀላቀለ፣ ብዙ ልጅ ቆሰለ፤ የሞተም ነበር። ነገሩ ሮኬት መሥራት መሰላቸው እንጂ የሠሩት ቦምብ ነበር። ለምን ቢሉ፣ በሮኬትና በቦምብ መካከል ያለው ልዩነት የቀዳዳው መጠን ብቻ ነው። ጋዙ በልኩ ከወጣ ሮኬት ነው። መውጫው ከጠበበ ወይም ቱቦው ከተሰነጠቀ ፈንጂ ነው፤ የብረት ስብርባሪውም መርጦ አይመታም።

መላውን ያመጣው አንድ የጫማ ሱቅ ባለቤት ነው ብንል ትስቃላችሁ። ኦርቪል ካርላይል ይባላል። ነብራስካ ውስጥ ኖርፎክ በምትባል ትንሽ ከተማ ጫማ ይሸጥ ነበር፤ ትርፍ ጊዜውን ደግሞ በርችት ያሳልፍ ነበር። በ1954 እ.ኤ.አ. ግድም ከወንድሙ ጋር ሆኖ ከወረቀትና ከቀላል እንጨት የተሠራች፣ በፓራሹት የምትወርድ ትንሽ ሮኬት ሠራ። ሞተሯ ተሠርቶ የታሸገ ነው። አንዴ ይነድዳል፣ ይጣላል፣ ሌላ ይገባል። ልጁ ነዳጅ አይነካም፣ አይቀምምም፣ አይወቅጥም።

ሥራውን ለሕዝብ ያዳረሰው ሃሪ ስታይን የተባለ የሮኬት ባለሙያ ነው። በ1957 እ.ኤ.አ. ስለ ወጣቶቹ አደጋ መጽሔት ላይ ሲጽፍ፣ ካርላይል አንብቦ «እኔ ዘንድ መላ አለ» ብሎ ጻፈለት። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የሮኬት ማኅበር ተቋቋመ፣ የደኅንነት ደንብም ወጣ። የደንቡ ፍሬ ነገር አንድ ነው፤ አካሉን አንተ ሥራ፣ ሞተሩን ለባለሙያ ተው!

ከ«ኤ» እስከ «ኤም»

እነዚህ የታሸጉ ሞተሮች በፊደል ይመደባሉ። ልኩ «ኒውተን ሰከንድ» ይባላል፤ የግፊቱን ኃይልና የቆየበትን ጊዜ አንድ ላይ የሚይዝ መለኪያ ነው። «ኤ» እስከ 2.5 ነው። ከዚያ ፊደል በፊደል በእጥፍ ያድጋል፤ «ቢ» እስከ 5፣ «ሲ» እስከ 10፣ «ዲ» እስከ 20 እያለ «ጂ» ላይ 160 ይደርሳል። ከ160 ካለፈ «ኤች» ነው፤ ባለ ከፍተኛ ኃይል ሮኬት የሚባለውም ከዚህ ይጀምራል። «ኤም» ላይ ሲደርስ ጣሪያው 10,240 ነው። በሌላ አነጋገር ከፍተኛው «ኤም» የ4,096 ሙሉ የ«ኤ» ሞተሮችን ጉልበት በአንድ ላይ ይዟል ማለት ነው። በእጥፍ መሄድ ቀላል አይምሰላችሁ!

እስቲ እናስላው። ሁለት ኪሎ የምትመዝን ሮኬት 320 ኒውተን ሰከንድ ብታገኝ፣ የአየርን ትግልና የመሬትን ስበት ብንተወው፣ 320 ለ2 ሲካፈል በሰከንድ 160 ሜትር ይመጣል። በሰዓት 576 ኪሎ ሜትር ነው። አየሩና ስበቱ ይቀንሱላታል እንጂ ከሚኒባስ ጋር የምትወዳደር አይደለችም።

አሁን ደግሞ ፓራሹቷ አልከፈት አለ እንበል። ከ500 ሜትር ላይ በአፍንጫዋ ተተክላ ስትመጣ፣ አየር የሚይዛት ባይኖር፣ መሬት የምትነካው በሰዓት 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሜዳው ላይ ደግሞ እረኛ አለ፣ በግ አለ፣ ከገበያ የምትመለስ እናት አለች። ስለዚህ ነው በዚህ ሥራ ውስጥ የኖሩ ሰዎች «ስንት ሜትር ወጣች?» ከማለታቸው በፊት «እንዴት ወረደች?» የሚሉት።

የእነሱን ደንብ ስታዩ ትገረማላችሁ። «ኤች» ሞተር ለማስነሣት የብቃት ማረጋገጫና 18 ዓመት መሙላት ይጠየቃል፤ ታናናሾቹ የሚሳተፉት በአዋቂ ኃላፊነት ነው። ሰው ከ«ኤች» 30 ሜትር፣ ከ«ኤም» 150 ሜትር ይርቃል። ሜዳው ቢያንስ 450 ሜትር ገደማ ስፋት አለው፤ ሮኬቷ ከፍ ባለች ቁጥር ሜዳውም ይሰፋል። ነፋስ በሰዓት ከ32 ኪሎ ሜትር ከበለጠ ወደ ቤት ነው። ተለኩሶ እምቢ ያለ ሞተር ቢያንስ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ አይጠጉትም። ደንቡ ሰው ለማስጨነቅ የተጻፈ እንዳይመስላችሁ። እያንዳንዱ መስመር ጀርባ የተጎዳ ሰው አለ።

የከሰል ቆፋሪዎቹ ልጆች

«እኛ የገጠር ከተማ ልጆች ነን፣ ምን አቅም አለን?» ለምትሉ አንድ ታሪክ እንጨምር። ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ኮልዉድ የምትባል የድንጋይ ከሰል መንደር አለች። እዚያ የተወለደ ወንድ ልጅ ዕጣው ከመሬት በታች መግባት ነበር። ሆመር ሂካም የተባለ ታዳጊ ስፑትኒክ በሰማዩ ስታልፍ ካየ በኋላ ከጓደኞቹ ጋር ክበብ መሠረተ። የመጀመሪያዋ ሙከራ የት ደረሰች? የእናቱን የአትክልት አጥር አፈረሰች!

ልጆቹ ግን ሦስት ነገር አገኙ። አንደኛ፣ ከመንደሩ የራቀ፣ የከሰል ዝቃጭ የሚጣልበት ባዶ ሜዳ። ሁለተኛ፣ በማዕድኑ ወርክሾፕ የሚሠሩ፣ ብረት የመቅረጽ ሙያቸውን ያልነፈጓቸው ሰዎች። ሦስተኛ፣ ፍሪዳ ራይሊ የተባለች መምህርት፤ የሮኬት ንድፍ መጽሐፍ ሰጥታ «ሒሳቡን ሳታውቁ አትሞክሩ» ያለቻቸው ያህል ወደ ቁጥር የመለሰቻቸው እሷ ነች። በ1960 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ውድድር አሸነፉ። ሂካም አድጎ የናሳ መሐንዲስ ሆነ፤ ታሪኩን በ1998 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አወጣው፣ በማግስቱ ዓመትም ፊልም ተሠራበት።

እነሱ ነዳጁን ራሳቸው ቀምመው ነበር አይደል? አዎ፤ ተርፈዋልም። ብዙ ያልተረፉ እንደነበሩ ግን ፊልም አልተሠራላቸውም። ከኮልዉድ የምትቀዱት ሜዳውን፣ ባለሙያውንና መምህርቷን ይሁን። ዕድል አይቀዳም።

እኛም ዘንድ አለ

ከዚህ አገር የወጣ ሰው የለም እንዳትሉ። ዶክተር ኢንጂነር ቅጣው እጅጉ በ1948 እ.ኤ.አ. ከፋ ቦንጋ ተወልዶ፣ ባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ተምሮ፣ በጃፓን አድርጎ አሜሪካ የገባና በናሳ በጠፈር መንኮራኩርና በሳተላይት ሥራ ስሙ የተጠራ ሰው ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. አረፈ። ባሕር ዳር ከደባርቅ የአንድ ቀን የአውቶቡስ መንገድ አይሞላም!

አዲስ አበባ ላይ የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ በ1996 ዓ.ም. ሲመሠረት «ዳቦ ሳንጠግብ ኮከብ?» ያለ ሞልቶ ነበር። ዛሬ እንጦጦ ጫፍ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ላይ፣ ባለ አንድ ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ደግሞ 70 ኪሎ ገደማ የምትመዝነው የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሳተላይት በቻይና ሮኬት ከቻይና ምድር መጥቃለች። ሮኬቱ የሰው ነው፤ ያሳፍራል? አያሳፍርም። ሳተላይት ካላቸው አገሮች ብዙዎቹ በሰው ሮኬት ነው የሚልኩት። መቀሌ ዩኒቨርሲቲም «አልፋ መለስ» የተባለች የሙከራ ሮኬት መሥራቱ በዜና ተሰምቷል።

ራቅ ብለን አፍሪካን እንይ። የደቡብ አፍሪካው ክዋዙሉ ናታል ዩኒቨርሲቲ ሰዎች፣ ከተማሪዎቻቸው ጋር «ፊኒክስ» የምትባል ሮኬት ሠርተው በማርች 2021 እ.ኤ.አ. ወደ 18 ኪሎ ሜትር አድርሰዋታል። የት ሆነው? በመንግሥት የሚሳኤል መሞከሪያ ሥፍራ፣ በባሕር ዳርቻ ላይ፣ የምትወድቅበት አቅጣጫ ሰው የሌለበት ሆኖ። ዩኒቨርሲቲም ሆኖ ደንብ አልዘለለም ማለት ነው።

ስሙ ራሱ ያስደነግጣል

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ፤ ከበድ ያለውን ነገር ሳንሸፋፍን እናውራው። «ሮኬት» የሚለው ቃል ኮልዉድ ላይና ደባርቅ ላይ አንድ ዓይነት ድምፅ የለውም።

ኅዳር 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ማታ ወደ ጎንደርና ባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያዎች የተተኮሰው ሮኬት ነው። በዚያው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ጭና ደርሶ ሰላማዊ ሰዎች አልቀዋል። ደባርቅም በተፈናቃይ ተሞልታ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም በክልሉ ሌላ ግጭት ተነሥቷል። በዚህ መካከል ያደገ ልጅ፣ በዚህ መካከል ልጁን የቀበረ አባት፣ ሰማይ ላይ የሚያፏጭ ነገር ሲሰማ «የሳይንስ ክበብ ነው» ብሎ አያስብም፤ ልጆቹን ሰብስቦ ይተኛል። የታጠቀ ሰው ከሰማ ደግሞ ቀድሞ ይተኩስ ይሆናል።

ስለዚህ ምክራችን ቁርጥ ያለ ነው። የሚጮህ፣ የሚጨስ፣ ባሩድ የሚሸት ነገር በዚህ አካባቢ አይሞከር። ፈንጂ ነክ ነገር ያለ ፈቃድ መያዝ ራሱ ወንጀል ነው። «ለትምህርት ነው» የሚለው መልስ ፖሊስ ጣቢያ ከተገባ በኋላ ብዙ አይረዳም። የታሸገውም ሞተር ቢሆን ከውጭ ሲመጣ የጉምሩክና የጸጥታ ጉዳይ አለው፤ ሰማዩም ባለቤት አለው፤ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን። እንዲህ ያለውን ፈቃድ የሚጠይቅ ተቋም እንጂ ተማሪ አይደለም። ደባርቅ ላይ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ጎንደርም አለ። የፊዚክስ መምህራኑን ሄዶ ማነጋገር ነውር የለውም።

ተስፋ ቆረጣችሁ? አትቁረጡ። የሮኬቱ ሥራ ዘጠና በመቶው ከእሳቱ በፊት ነው ብንል ብዙ አልዋሸንም። እሱን ዛሬ መጀመር ይቻላል።

በለስላሳ ፕላስቲክ ጀምሩ

የውሃ ሮኬት ትባላለች። እሳት የላት፣ ጭስ የላት፣ ፈንጂ የላት። የሚያስፈልገው ባለ ሁለት ሊትር የለስላሳ ፕላስቲክ ጠርሙስ ነው። ልብ በሉ፤ የለስላሳ ነው ያልነው! ሃይላንዱ ስስ ነው፣ ግፊት አይችልም። የለስላሳው ግን ጋዝ እንዲሸከም ተደርጎ የተሠራ ነው። የመስታወት ጠርሙስ ወይም የብረት ዕቃ በፍጹም አይሞከርም።

ሲሶውን ውሃ ትሞላላችሁ። አፉን ከጎማ በተቀረጸ ውታፍ ትደፍናላችሁ፤ በውታፉ መሐል ከጎሚስታ ቤት የተጣለ የብስክሌት ቫልቭ ያልፋል። ጠርሙሱን በአፉ ደፍታችሁ ማስወንጨፊያው ላይ ታቆሙታላችሁ። ከዚያ በረጅም ቱቦ፣ አሥር ሜትር ርቃችሁ፣ በብስክሌት ፓምፕ ንፋስ ትሞላላችሁ። የታመቀው አየር ውሃውን ቁልቁል ሲገፋ፣ ውሃው ጠርሙሱን ሽቅብ ይገፋዋል። ኒውተን ሦስተኛ ሕግ ያለው ይኸው ነው፤ የምታመጥቀዋ የቻይና ሮኬትም ከዚህ ሌላ ሕግ የላትም።

መለኪያ ያለው ፓምፕ ተጠቀሙ፤ ከ4 ባር አትለፉ። የተሰነጠቀ፣ የተጨራመተ ወይም ፀሐይ ላይ የከረመ ጠርሙስ ይጣል። መነጽር አድርጉ። ንፋስ የተሞላች ሮኬት ላይ አንገት አይሰገግም፤ ብትዘገይም አይጠጓትም። በደንብ የተሠራች ከ30 እስከ 50 ሜትር ትወጣለች። ከሰንደቅ ዓላማው ምሰሶ ስንት እጥፍ እንደሆነ እናንተው ቁጠሩት።

ቀጥ ብላ እንድትወጣ ሦስት ወይም አራት ክንፍ ከታች ይገጠምላታል፤ ከጠንካራ ካርቶን ይበቃል። ግን ክንፍ ብቻ አይደለም። ሁለት ነጥብ አለ፤ አንዱ የክብደቷ መሐል፣ ሌላው አየሩ የሚገፋት መሐል። የክብደቱ መሐል ወደ አፍንጫዋ ቀርቦ፣ ቢያንስ የራሷን ውፍረት ያህል ከአየሩ መሐል መቅደም አለበት። አለዚያ እንደ ሰከረ ሰው ትዞራለች። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ባዶዋን ሮኬት በክብደቷ መሐል በገመድ አስራችሁ ከራሳችሁ በላይ እንደ ወንጭፍ አዙሯት። አፍንጫዋን አስቀድማ ከዞረች ደህና ናት። ከተገለባበጠች አፍንጫዋ ላይ ጭቃ ወይም ጠጠር ጨምሩ።

ንድፉን በኮምፒዩተር መሞከር የሚፈልግ ደግሞ «ኦፕን ሮኬት» የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። «ኤች»ም ሆነ «ኤም» ሞተር ገጥማችሁ፣ ነፋስ ጨምራችሁ፣ መቶ ጊዜ ብትከሰክሷት ማንም አይጎዳም። የከፍተኛዋን ሮኬት ትምህርት በዚህ መማር ይቻላል።

የደባርቅ አየር ጉዳይ

እዚህ ላይ የደባርቅ ልጅ ከአዋሽ ልጅ የሚለይበት ነገር አለ። ደባርቅ 2,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እናቶቻችን ያውቁታል፤ ባቄላው ንፍሮ እስኪሆን ማገዶው ያልቃል። ውሃው 90 ዲግሪ ግድም ላይ ስለሚፈላ ነው። ይህም የሆነው አየሩ ስለሳሳ ነው፤ ከባሕር ጠረፍ አየር ጋር ሲነጻጸር ቢያንስ ሩቡ ጎድሏል።

ሳስቶ መገኘቱ ለመውጣት ይጠቅማል፤ የሚይዛት አየር ያንሳል። ለመውረድ ግን ይጎዳል፤ ፓራሹቱ የሚይዘውም ያ የሳሳ አየር ነው። ባሕር ጠረፍ ላይ በሰከንድ 5 ሜትር የሚያወርድ ፓራሹት ደባርቅ ላይ 5.8 ሜትር ያህል ያወርዳል። ያንኑ ዝግታ ለማግኘት ስፋቱን በሲሶ መጨመር ነው። ለምሳሌ ባሕር ጠረፍ ላይ 55 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ፌስታል ከበቃ፣ ደባርቅ ላይ 63 ግድም ይሁን። የውጭ መጽሐፍ ላይ ያያችሁትን ቁጥር እንዳለ ብትገለብጡት ይሰበርባችኋል ማለት ነው!

ምኑ ይሰበራል? እንቁላሉ ነዋ! አሜሪካ ውስጥ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ የሚካሄድ የወጣቶች የሮኬት ውድድር አለ። ሮኬቷ ጥሬ እንቁላል ይዛ ትወጣለች፤ ከተሰነጠቀ ውጤቱ አይቆጠርም። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። የእንቁላል ዋጋ ዛሬ ስንት እንደገባ ታውቃላችሁ፤ ጥንቃቄን የሚያስተምር ከዚያ የተሻለ መምህር የለም።

ነፋሱንም አትርሱ። ከ1,000 ሜትር በሰከንድ 5 ሜትር የምትወርድ ሮኬት አየር ላይ 200 ሰከንድ ትቆያለች። ነፋሱም በሰከንድ 5 ሜትር ከሆነ አንድ ኪሎ ሜትር ይወስዳታል። ደባርቅ ዳር አንድ ኪሎ ሜትር ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ ወደ ሊማሊሞ ገደል ከገባች ደህና ሁኚ በሏት። ፓርኩም ቢሆን መሞከሪያ ሜዳ አይደለም። ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው፤ ዋልያውና ጭላዳው የእናንተን ፕላስቲክ የሚለቅሙበት ምክንያት የለም። የውሃዋ ሮኬት ግን ከ40 ሜትር ብትወርድ ነፋሱ የሚወስዳት 40 ሜትር ያህል ነው። የትምህርት ቤቱ ሜዳ ይበቃታል። ጠዋት፣ ነፋሱ ሳይነሣ ይሁን።

ስንት ሜትር ወጣች?

«በጣም ወጣች!» ሳይንስ አይደለም። ከማስወንጨፊያው 50 ሜትር ርቃችሁ ቁሙ። ፕሮትራክተር ያዙ፣ መሐሉ ላይ ክርና ጠጠር አንጠልጥሉ፤ ግንበኛ ቱንቢ የሚለው ዓይነት። ጫፏ ላይ ስትደርስ በጠርዙ አነጣጥራችሁ ማዕዘኑን አንብቡ። 45 ዲግሪ ከሆነ 50 ሜትር ወጣች። 35 ዲግሪ ከሆነ የ35 ታንጀንት 0.7 ስለሆነ 35 ሜትር። የዓይናችሁን ቁመት ደምሩ። «ታንጀንት ለምን ይጠቅማል?» ብሎ መጽሐፉን የወረወረ ጓደኛ ካላችሁ ይምጣና ይለካ።

አሥር ጊዜ ሞክሩ፤ ውሃውን ብቻ እየቀያየራችሁ መዝግቡ። ሩብ፣ ሲሶ፣ ግማሽ። የቱ ላይ ይበልጥ ወጣች? ይኼን በደብተር የጻፈ ክበብ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ሲቆም ባዶ እጁን አይደለም።

«ቁም!» የምትለው ልጅ

አሁን ዋናው ነገር። በየትኛውም የከበረ የሮኬት ክበብ ውስጥ አንድ ኃላፊ አለ፤ ሥራው ማስቆም ነው። ነፋሱ ከበዛ፣ ሜዳው ላይ ሰው ከገባ፣ አንድ ክር ከላላ «ቁም!» ይላል፣ ይቆማል። ክርክር የለም፣ ይግባኝ የለም።

እኛ ዘንድ ይኼ ከባዱ ሥራ ነው። ታላቅን ማስቆም ነውር ሆኖ አድገናል። እንግዳ ተጋብዞ፣ ርእሰ መምህሩ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ቆጠራው አምስት ላይ ደርሶ፣ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ «ጠርሙሱ ላይ ስንጥቅ አይቻለሁ» ብትል ምን እንላታለን? «አርፈሽ ተቀመጪ» ካልን ክበቡ ሞቷል። «እግዜር ይስጥሽ» ብለን ንፋሱን ካስተነፈስን ክበቡ ኖሯል። ስለዚህ ይህን ኃላፊነት ሆን ብላችሁ በየሳምንቱ አፈራርቁት፤ ለሴቷም፣ ለታናሹም፣ ለዝምተኛውም ይድረስ። ያስቆመ ሰው ባይሳካለት እንኳ፣ ማለት ስንጥቁ ጭረት ሆኖ ቢገኝ፣ አይሳቅበት። አንዴ የተሳቀበት ሰው ሁለተኛ አይናገርም፤ ያን ጊዜ ነው አደጋው የሚመጣው።

ይኼ ትምህርት ከሮኬት ይዘላል። ሹፌሩ ሊማሊሞ ላይ ሲበር «ቀስ በል» የሚለው፣ ፎቁ ሲሰነጠቅ «አይቀጥል» የሚለው፣ መድኃኒቱ ቀኑ ሲያልፍ «አልሰጥም» የምትለው፣ ሁሉም እዚያች ሜዳ ላይ «ቁም!» ማለትን የለመደ ሰው ቢሆን አይጠላም።

ቤት ስትነግሩ

መደበቅ የለም። «አባባ፣ ቅዳሜ ሮኬት ልንተኩስ ነው» ብላችሁ ከገባችሁ መልሱ «አንተ ልጅ፣ ምን ልታመጣብን ነው?» ነው፤ እውነታቸውን ነው። ይልቅ «አባባ፣ ቅዳሜ ትምህርት ቤት በውሃና በንፋስ የምትነሣ ፕላስቲክ እናሳያለን፤ መምህራችንም አሉ፤ ቢመጡልን ደስ ይለናል» በሉ። ቀበሌውም ይወቅ፣ አጠገብ ያለው ጎረቤትም ይወቅ፣ የጥበቃው አባትም ይወቁ። አካባቢው ሰላም ካልሆነ ይተላለፍ፤ ፕላስቲኩ አይሸሽም።

ወላጆችም አንድ ቃል። ልጅዎ ኩሽና ገብቶ ክብሪት ሲፍቅ ካገኙት ተቆጡ፣ ቀሙት። ፌስታል ቀዶ፣ ክር አስሮ፣ እንቁላል ሲለምን ካገኙት ግን ይስጡት። የመጀመሪያው ልጅ ምሥጢር አለው፣ ሁለተኛው ደብተር አለው። ልዩነቱን ከዚያ ያውቁታል።

የከፍተኛዋ ሮኬት ተራም ይደርሳል። ተቋም ቆሞላት፣ ፈቃድ ወጥቶላት፣ ሜዳ ተመርጦላት፣ የታሸገ ሞተር ገብቶላት። ያን ቀን የሚጠራው፣ መድረሻዋን በልኩ የሚያውቅ፣ መውረጃዋን ያሰላና «ቁም!» ሲባል የቆመ ክበብ ነው። እስከዚያው ድረስ እንቁላሉ ሳይሰበር ይውረድ!